«አሰልጣኝ ይቀየር!»

ነቀምቴ ላይ ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ከተማው ውስጥ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው። ሻይ ቤት ብትቀመጡ፣ ባጃጅ ብትሳፈሩ፣ ፀጉር ልትቆረጡ ብትገቡ «ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው የምንታገሰው?» ሲባል ትሰማላችሁ። ሰውዬው አሰልጣኙ ነው። ጊምቢም፣ ነጆም፣ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም ብትሄዱ ወሬው አይለወጥም። እኔም ከደጋፊው ጋር ቆሜ ብዙ ጊዜ «ይቀየር!» ብያለሁ፤ የተቀየሩትን ሁሉ ተከታትዬ ካየሁ በኋላ ግን ጩኸቱ ቀነሰብኝ። ክለባችን ነቀምቴ ከተማ የሚጫወትበት ከፍተኛ ሊግ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ወለጋ አንድ ቀን በፕሪሚየር ሊጉ ቡድን እንዲኖረው የሚመኝ ሰው አዲስ አሰልጣኝ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ የሚነሳው እምነት «አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድን ወዲያው ይነሳል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አላቸው። አሰልጣኝ ተባረረ፣ አዲስ መጣ፣ በሁለተኛው ጨዋታ ቡድኑ አሸነፈ። ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነው። ባስ ተር ዌል የተባሉ የሆላንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የተካሄዱ የአገራቸውን የሊግ ጨዋታዎች ይዘው ይህንኑ ፈተሹ። አሰልጣኝ የቀየሩ ክለቦች ውጤታቸው በእርግጥ ተሻሽሏል። ሆኖም ተመራማሪው በዚያ አላቆሙም። በተመሳሳይ ሁኔታ ውጤት ያጡ ነገር ግን አሰልጣኛቸውን ያልቀየሩ ክለቦችን አጠገባቸው አስቀምጠው አነጻጸሩ። ያልቀየሩትም እንደዚያው አገግመው ተገኙ።

ቡና ያለው የወለጋ ገበሬ ይህን ለመረዳት የሆላንድ ጥናት አያስፈልገውም። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ በከተማችን ስም የሚሸጠው ቡና ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ይሳሳል፤ ከዚያ መልሶ ይሞላል። ተክሉ ጉልበቱን ጨርሶ ስለሚያርፍ ነው። እንግዲህ ቡናው በሳሳበት ዓመት አራሚውን አባሮ ሌላ የቀጠረ ገበሬ፣ በዓመቱ ፍሬው ሲመለስ «አዲሱ ሰው እጁ ቡሩክ ነው» ቢል ጎረቤቱ ምን ይለዋል? እኛ ግን በኳስ ላይ የምንለው ይህንኑ ነው። አሰልጣኝ የሚባረረው ብዙውን ጊዜ ቡድኑ ከአቅሙ በታች በወረደበት ሰሞን ነው። ኳስ የግቡን ቋሚ መትታ የምትመለስበት፣ በረኛው የሚጎዳበት፣ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት የሚነፍግበት ሰሞን ያልፋል። ሲያልፍ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ይመሰገናል።

ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014/15 የውድድር ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በሰንጠረዡ ግርጌ ነበር። አሰልጣኙን ናይጄል ፒርሰንን ግን በውድድሩ መሃል አላባረራቸውም። ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፎ ከወራጅነት ተረፈ፤ በዓመቱ በክላውዲዮ ራኒዬሪ መሪነት የእንግሊዝን ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አጥንት ያኔ ከመውረድ የተረፈው ቡድን ነበር። የነቀምቴ አርሰናል ደጋፊም የራሱን ቡድን ያስታውስ። ሚኬል አርቴታ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2019 ተቀጥረው ሁለት ጊዜ 8ኛ ወጡ፤ በ2020 የፈረንጆች ገና ሰሞን 15ኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። ክለቡ ታገሰ። ከዚያ 5ኛ፣ ቀጥሎም በሦስት ተከታታይ ዓመታት 2ኛ ሆኑ። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ለአርቴታ የሰጠነውን ትዕግሥት ለራሳችን ልጅ እንነፍጋለን።

«ስም ያለው ሰው፣ ቢቻል የውጭ አገር ዜጋ ይምጣ» የሚለውም አልጠፋም። ይህኛው በአገራችን ታሪክ ቶሎ የሚፈተሽ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ነው። ከእሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በትልቅ ተስፋ መጡ፤ ቡድኑ ለቀጣዩ ዋንጫ ሳያልፍ ቀረ፣ እሳቸውም በ2007 ተሰናበቱ። ቀጣዩን የአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፎ ያመጡት ደግሞ በ2013 መጀመሪያ የተሾሙት ውበቱ አባተ ናቸው። በክለብ ደረጃም ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 ሰርቢያዊ አሰልጣኙን ሲያሰናብት ቡድኑን በጊዜያዊነት የተረከበው እዚያው ቤት የነበረው ዘሪሁን ሸንገታ ነው። ክለቡ ከ2009 ወዲህ ያጣውን ዋንጫ መለሰለት፣ በ2015ም ደገመው። የውጭ አሰልጣኝ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው የትኛው ተጫዋች ተቆጥቶ እንደሚጫወት፣ የትኛው ሲቆጡት እንደሚሰበር ለማጥናት ሦስት ወር አያባክንም። በወለጋ ቡድን ላይ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ አለ። ከገጠር ወረዳ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ በእረፍት ሰዓት በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚነገረውን በሙሉ መረዳት አለበት፤ አሰልጣኙ አፋን ኦሮሞ የማይችል ከሆነ አጠገቡ የሚችል ምክትል መኖሩ ግድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረኝ ግን «አሰልጣኙ ጎበዝ ከሆነ ሌላው ትርፍ ነው» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም የሚጠቀሰው ሰው በእርግጥ የሚጠቀስ ነው። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ገና ከከፍተኛ ሊግ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በዓመቱ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ ዋንጫውን እዚያ አነሳ። በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሦስተኛውን ወሰደ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ! ነቀምቴ ላይ «እንደ ጅማ አባ ጅፋር እኛስ ለምን?» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ጅማም እንደኛው የምዕራብ የቡና አገር ናት።

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንቁጠረው። የ2010ሩ ጅማ አባ ጅፋር 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ የሆነ ኦኪኪ አፎላቢ የሚባል ናይጄሪያዊ አጥቂ ነበረው። አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ክለቡ ያንን ከፍታ መጠበቅ አልቻለም፤ በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ! መድንም ዋንጫውን ያነሳው ወደ ሊጉ በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት እንጂ አዲስ አሰልጣኝ በገባ ማግስት አይደለም። ገብረመድኅን ራሱ በ2008ም በ2016ም ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ነበር፤ ለአፍሪካ ዋንጫ አላደረሰውም። እውቀቱ ያው ነው። ብሔራዊ ቡድን ላይ ግን ተጫዋቾቹን የሚያገኘው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ክለብ ውስጥ በየቀኑ ጠዋት ሜዳ ላይ ያገኛቸዋል። ከዚህ የምወስደው ነገር አሰልጣኝ ጊዜና ሰው ሲሰጠው የሚሠራ ባለሙያ መሆኑን ነው። ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ካቆምነው ዋንጫ የያዘ እጅም ባዶ ነው።

ታዲያ አዲስ አሰልጣኝ የተሸነፈ ቡድን ላይ በአጭር ጊዜ ምን ሊያሻሽል ይችላል? ብዙ አለ፤ ግን ሰው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። ከወለጋ ከተሞች በአንዱ አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። በቅርቡ የተቀጠረው አሰልጣኝ አራቱን ተከላካዮች ጠርቶ የከብት ማሰሪያ ገመድ አወጣና ወገባቸውን በተርታ አያያዛቸው፤ በእያንዳንዳቸው መካከል ስምንት እርምጃ ያህል። ከዚያ እሱ ራሱ ኳሷን ይዞ ከፊታቸው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ አራቱም ወደ ቀኝ፣ ወደፊት ስትወጣ አራቱም ወደፊት። የዘገየውን ገመዱ ይጎትተዋል። በግራ በኩል ያለው ልጅ ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ ወደቀ። «ኮች፣ ገመዱ እየጣለኝ ነው!» አለ። አሰልጣኙ በኦሮምኛ «ገመዱ ምን አደረገህ፣ ጓደኛህ እየጠራህ ነው» አለው። ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። በመጨረሻ ገመዱ ተፈታ፣ አራቱ ግን እንደታሰሩ ይንቀሳቀሱ ነበር። በመልበሻ ክፍል የሚደረግ ንግግር፣ በሬዲዮ የሚሰጥ ቃለ ምልልስ ይህን አይተካም።

ባለሙያ የሆነ አዲስ አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ጎል ከማግባት በፊት ጎል አለማስተናገድ። ብዙ የሚያጠቃ ቡድን መገንባት ወራት ይፈልጋል፤ አራት ሰው ተያይዞ እንዲቆም ለማድረግ ግን ሁለት ሳምንት ይበቃል። ቀጥሎ የቆመ ኳስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተቆጠሩት 169 ጎሎች ከ40 በመቶ በላይ የሆኑት ከማዕዘን ምት፣ ከቅጣት ምትና ከፍጹም ቅጣት ምት የመጡ ነበሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት አንድ ጥሩ የሚመታ እግርና በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ ነው። ድሃ ቡድን ከሀብታሙ ጋር እኩል የሚቆምበት ቦታ እዚህ ነውና የማዕዘን ምትን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ አሰልጣኝ ለነቀምቴም ለደምቢ ዶሎም አይሆንም።

«ጅራፍ ነው የሚያስፈልጋቸው» ለሚሉት ደግሞ አጭር መልስ አለ። የተጫዋች ትንፋሽና ጉልበት በአንድ ሳምንት ሩጫ አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ገብቶ በማግስቱ ዳገት የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው የታፋ ጡንቻ ጉዳት ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ልጆቻችን ለሳንባቸው የሚሆን ሜዳ ተፈጥሮ ሰጥታቸዋለች። የሚጎድላቸው ሥርዓት ያለው እረፍትና ምግብ ነው።

ተጫዋቹን ሁሉ አባርሮ በአዲስ መተካትም እንደ መፍትሔ ይነሳል። የአገራችን ክለቦች ተጫዋች የሚያስፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ በየክረምቱ ግማሹ ቡድን ይበተናል። አሰልጣኙም ተጫዋቹም በየዓመቱ ከተቀየረ እርስ በርስ የሚተዋወቅ ማን ይቀራል? ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም እና ሆሮ ጉዱሩ በትምህርት ቤት ውድድር ላይ ልጅ ሞልቷቸዋል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገድ እየተዘጋ ብዙ ጎበዝ ልጅ ማንም ሳያየው አድጎ አልፏል። ይህ ያስቆጫል፤ የትኛውም የክረምት ዝውውር አይተካውም።

የሜዳውንም ነገር አንርሳ። ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ የከፍተኛ ሊግ ቡድኖችም እንዲሁ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው የሚጫወቱበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በወለጋ ስታዲየም የሚጮኸው ሕዝብ በሌለበት፣ ሳምንታትን በሆቴል የከረመ ቡድን ሲሸነፍ ጥፋቱን ሁሉ ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው መጫን ፍትሕ አይደለም።

መጥፎ አሰልጣኝ የለም አልልም። ልምምድ የማያዘጋጅ፣ ከተጫዋች ጋር የሚጣላ፣ ተጋጣሚውን የማያጠና ሰው መሄድ አለበት፤ ቢዘገይ ነው ጉዳቱ። ግን ውሳኔው በሦስት ሽንፈት ሳይሆን በሥራው ይሁን። የከተማችን የክለብ አመራሮችና ደጋፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ይቀየር!» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተጫዋቾቹ ደመወዝ እስከ የትኛው ወር ተከፍሏል? አሰልጣኙ ራሱ የመረጣቸው ተጫዋቾች ስንት ናቸው? ካለፈው አሰልጣኝ የተረፈው ምክትልና የታዳጊ ቡድን አሁንም አለ? መልሱ በግልጽ ይነገረን፤ ከዚያ እንወስን።