እውነት ወይስ ተረት? የጃፓንን ከተሞች ያወደመው አቶሚክ ቦምብ ብቻ ነው?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ጃፓን ከተነሳች ጨዋታው በቀጥታ ወደ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ያመራል። «ሁለት ቦምብ ተጣለባት፣ እጅ ሰጠች» ይባላል፤ ከዚያ በፊት ከተሞቿ ደህና የነበሩ ይመስል። እርስዎም ለልጆችዎ እንዲህ ነግረዋቸው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሂሮሺማ ከመመታቷ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ለ10 አጥቢያ 1945፣ 279 የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላኖች በምሥራቅ ቶኪዮ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ሲያዘንቡ አደሩ። 41 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የከተማ መሬት አመድ ሆነ፤ 100,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። በሂሮሺማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000፣ በናጋሳኪ ደግሞ 70,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። የቶኪዮዋ ሌሊት እንግዲህ ከናጋሳኪ ትከፋለች።

«ዒላማው ፋብሪካ ነበር፤ ቤቶቹ የእንጨት ስለሆኑ እሳቱ ሳይታሰብ ተዛመተ» የሚሉም አሉ። እኔን አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካኖች በዩታ በረሃ የጃፓን መንደር አስመስለው ሠርተው ነበር፤ ወለሉ ላይ የጃፓኖቹ ምንጣፍ ሳይቀር ተነጥፎ። እያቃጠሉ፣ መልሰው እየሠሩ፣ የትኛው ቦምብ ቤቱን ቶሎ እንደሚበላው ለዩ። ከተፈተኑት አንዱ ኤም-69 ናፓልም የታጨቀበት የብረት ቱቦ ነው፤ ጣሪያ በስቶ ይገባና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የሚነድ ዝልግልግ ነገር ይተፋል። ያገኘው ላይ ይጣበቃል። ቶኪዮ ላይ በብዛት የወረደው ይኸው ነው። በየመኖሪያ ሰፈሩ ለጦሩ ዕቃ የሚሠሩ ትንንሽ ወርክሾፖች ነበሩ፤ አዛዦቹም ይህንኑ ምክንያት ያቀርቡ ነበር። እንዲነድ የታቀደው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

«ወንዝ ባለበት ከተማ ሰው እንዴት በእሳት ያልቃል?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ሕዝቡም ያሰበው እንደዚያው ነበር፤ ወደ ሱሚዳ ወንዝ ጎረፈ። ኮቶቶይ ድልድይ ላይ ከወዲህም ከወዲያም ማዶ የሸሸው ሰው ተገናኝቶ መተላለፊያ ጠፋ፤ በነፋስ የተገፋው እሳትም እዚያው ደረሰባቸው። ውሃው ውስጥ የገቡትም ብዙዎቹ በጭስ፣ በብርድና በመስጠም ሞቱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ተረሳ? አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ቦምብ፣ አንድ ግዙፍ ደመና ለማስታወስ ይቀላል። ከጦርነቱ በኋላም ዓለም በኒውክሌር ስጋት ተያዘ፤ እሳት ደግሞ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በተቀጣጣይ ቦምብ አቃጥለዋል፤ የዚያ ጦርነት ግፍ ሲነሳ ግን ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው የመርዝ ጋዙ ነው።

የጃፓን መንግሥትም ለመርሳቱ አግዟል። ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ዜጎች በሕግ የሕክምና ድጋፍ ያገኛሉ። የቶኪዮውን የእሳት ጥቃት የመራውን ጄኔራል ከርቲስ ለሜይንም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1964 ኒሻን ሸልሞታል። ከቶኪዮ እሳት የተረፉት ሲቪሎች ግን ካሳ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤት ቆመው፣ በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ።