ቅጠሉ ከየት ተቀነጠሰ?

ሁለት የቲማቲም ቅጠሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ሁለቱም ላይ የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ስለቀሩ መረብ የተዘረጋባቸው ይመስላሉ። አንደኛውን ያጠረው ማግኒዥየም ነው፣ ሌላውን ብረት። አንዴ ተቆርጠው ከተቀላቀሉ በኋላ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን ብቻ አይቶ ደፍሮ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። ተክሉ ላይ እንዳሉ ቢታዩ የደቂቃ ሥራ ነበር። የማግኒዥየም እጥረት ከታች፣ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ይጀምራል፤ የብረት እጥረት ከላይ፣ ከለጋዎቹ። አንድ ቅጠል ቀንጥሶ፣ ኪሱ ከትቶ ወደ እርሻ መድኃኒት ሱቅ የሚሮጥ ሰው ግማሹን ማስረጃ ቤቱ ትቶት ሄዷል።

ልዩነቱ የሚመጣው ተክሉ ያለውን እያዘዋወረ መኖር ስለሚችልና ስለማይችል ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም ከአንድ ቅጠል ወጥተው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለቀንበጡ ይሰጣል፤ በክፉ ቀን ከራሱ አፍ ነጥቆ ልጁን እንደሚያጎርስ ወላጅ። ካልሲየም፣ ብረትና ቦሮን ግን አንዴ ከተቀመጡበት ቅጠል ንቅንቅ አይሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የነሱ እጥረት አዲስ በሚወጣው ላይ ይታያል፤ የታችኛው ቅጠል እንደለመለመ፣ ጫፉ ይገረጣል ወይም ይኮማተራል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ራሱ ያለ አፈር በሚደረግ እርሻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናውያኑ ዩሊየስ ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ ተክሎችን በውሃ ውስጥ ያሳደጉት ገበያ አስበው አልነበረም። ጨዎቹን አንድ በአንድ እየመዘኑ ውሃ ውስጥ ያሟሟሉ፤ ከዚያ አንዷን ይቀንሱና ተክሉ ምን እንደሚሆን ይጠብቃሉ። አፈር ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አፈር የራሱን ስንቅ ደብቆ ይይዛል። ብረት የገረጣን ቅጠል እንደሚመልስ ፈረንሳዊው ኡዜብ ግሪስ አስቀድሞ በ1840ዎቹ አሳይቶ ነበር። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የቢጫና የቡናማ ቅጠል ሥዕል ሁሉ ሥሩ እዚያ ነው።

ይህን ያለ አፈር የማሳደግ ዘዴ ወደ ንግድ ያመጣው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ጌሪኪ ነው። ከ7 ሜትር በላይ የወጣ የቲማቲም ሐረግ አሳይቶ የጋዜጠኞችን ቀልብ ሳበ፤ «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውንም ስም በ1937 ለሕትመት አበቃው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርነን ግን የጋለውን ወሬ ቀዝቀዝ አደረጉት፦ ምርቱ ጥሩ አፈር ከሚሰጠው አይበልጥም አሉ። በ1938 ያሳተሙት የውሃ ማዳበሪያ ቀመር እስካሁን በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል። በዚያ ቀመር መሠረት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 210 ሚሊግራም ናይትሮጅን ሲገባ፣ ሞሊብዲነም 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢጎድል ቅጠሉ ይናገራል። የሚገርመው እሱ ነው፤ ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ የሚራራቁ ሁለት ነገሮች፣ አቤቱታቸው ግን እኩል ይሰማል።

ታዲያ ሥራው የማዳበሪያው ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ የጎደለውን መጨመር ብቻ ነው? ጀማሪው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር የለም።

የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን አብዛኛው ንጥረ ነገር ሟሙቶ ለሥሩ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል። ወደ 7.5 ሲወጣ ብረቱ በርሜሉ ውስጥ እያለ ከተክሉ እጅ ይወጣል። ቀንበጡ ይገረጣል፤ ባለቤቱ «ብረት አንሷል» ብሎ ይጨምራል፤ ቀንበጡ ይብስ ይገረጣል። ብረቱን አቅፎ ከመዝቀጥ የሚጠብቀው ውሁድም ዓይነቱ ይለያያል፦ ርካሹ ኢዲቲኤ ከ6.5 በላይ ይደክማል፣ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ግን አልካሊ በሆነ ውሃም ይጸናል። በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ ዙሪያ ለሚያርስ ሰው ይህ ተራ የኬሚስትሪ ወሬ አይደለም። የአካባቢው ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ፒኤቹ ዛሬ በአሲድ ቢወርድ ነገ ተመልሶ ይወጣል። ከአፈር ወጥተው በኮኮናት ገለባ ብናኝ ወይም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ጽጌረዳ የሚያሳድጉ እርሻዎች አሲድ የሚጨምሩት ማዳበሪያውን ሲበጠብጡ ነው፤ ቅጠሉ እስኪገረጣ አይጠብቁም። በረንዳው ላይ ሰላጣ የተከለ ሰው ሎሚ ይጨምቅበታል፤ ለአንድ ሁለት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ሎሚው ይበሰብስና ፒኤቹ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሰላጣ ጫፍ ቃጠሎ ነው። መሃል ላይ ተጠቅልለው ያሉት ለጋ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ቡናማ ይሆናል፤ እሳት የላሰው ወረቀት ይመስላል። ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ነው፤ በርሜሉ ግን በካልሲየም የተሞላ ሊሆን ይችላል። ካልሲየም የሚጓዘው ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣው ውሃ ላይ ተሳፍሮ ነው፤ ውሃ የሚስበው ደግሞ ላበት የሚያወጣው፣ ነፋስ የሚያገኘው የውጭው ቅጠል ነው። ተጠቅልሎ የተቀመጠው ለጋ ላበት ስለሌለው አይደርሰውም። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ ሳይሆን ቬንቲሌተር ነው፤ ነፋሱ ከላይ ወደ ልቡ እንዲነፍስ ይደረጋል። ሌሊቱ እርጥብ ሲሆንም ይረዳል፤ ያኔ ሥሩ በራሱ ግፊት ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፣ ጠዋት በየቅጠሉ ጥርስ ላይ የሚታዩት ጠብታዎች የዚያ ምልክት ናቸው፤ ካልሲየሙም እስከ ልቡ አብሮ ይደርሳል።

አንዳንዴ ደግሞ ቅጠሉ የሌላውን በሽታ ነው የሚናገረው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ሳለ ተክሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፤ የሚያይ ሰው ግራ ይገባዋል። ክዳኑን ከፍቶ ሥሩን ማየት ነው። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም ነው፣ ይጠነክራል፣ ሽታውም እንደ እርጥብ ሣር ነው። ቡናማ መሆኑ ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ ብረት ያለበት ማዳበሪያ ሥርን ያቀልማል። በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ይሻላል፦ የውጭው ቆዳ እንደ እጅጌ ሾልኮ ወጥቶ መሃሉ እንደ ክር ከቀረ፣ ፒትየም የተባለው የሥር አበስባሽ ገብቷል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር ወደ 9 ሚሊግራም የነበረው በ30 ዲግሪ 7.5 አካባቢ ይሆናል። ፒትየም የሚወደውም ይህንኑ ነው። ፀሐይ ላይ የተተወ ጥቁር በርሜል እንግዲህ የቅጠል በሽታ ምንጭ ይሆናል።

የጨው መብዛትም አለ። በሙቀት ወቅት ተክሉ ከማዳበሪያው ይልቅ ውሃውን አብልጦ ስለሚጠጣ በርሜሉ ውስጥ የቀረው እየወፈረ ይሄዳል። ለሰላጣ የውሃውን የጨው መጠን የሚያሳየው የኢሲ መለኪያ ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ቢያሳይ ደህና ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ የአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጫፍና ዳር ይነድዳል። ይህን ከፖታስየም እጥረት ጋር አምታትቶ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው እሳት ላይ ቤንዚን እያፈሰሰ ነው። መለኪያ ከሌለ በርሜሉን ባዶ አድርጎ ንጹሕ ብጥብጥ መሙላት ከመገመት ይሻላል።

ምርመራው ሳያልቅ ቅጠሉ መገልበጥ አለበት። ከላይ ሲታይ በመርፌ የተነቀሰ የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከጀርባው ቀይ ሸረሪት የሚባል ደቃቅ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ወረቀት ከታች ይዞ ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ነው፤ የረገፈው አቧራ መሄድ ከጀመረ ጉዳዩ ከማዳበሪያ ጋር አይገናኝም።

ፒኤቹ ተስተካክሎ፣ ውሃው ተቀይሮ፣ ነፋስ ገብቶለት ሳለ የነደደው ጫፍ ግን እንደነደደ ይቀራል፤ የሞተ የቅጠል ክፍል አይመለስም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውና በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር የሚጨምረው ለዚህ ነው። አንዲት ቀይ ክር፣ እርማቱ በተደረገ ዕለት ከመጨረሻው ቅጠል በላይ ግንዱ ላይ ላላ ተደርጋ ብትታሰር፣ ከሳምንት በኋላ መታየት ያለበት ከክሯ በላይ የወጣው ነው።