100 ኪሎ ሜትር በአየር ለምን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል?

ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደሩ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን ርቀት ለማወቅ ካርታ ይበቃል። ጎንደር ከባሕር ዳር በስተሰሜን ስለሆነ ልዩነታቸው በአብዛኛው የኬክሮስ ነው፤ እሱም 55 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ማለትም ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ የቀጥታ ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስሌቱን ለማቅለል በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ብንል ጣናን ተሻግሮ ለመድረስ 10 ደቂቃ በበቃው ነበር። እንዲህ ያለው በረራ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ትርፉን 20 ደቂቃ የሚወስደው ርቀቱ ሳይሆን መነሣትና ማረፍ ነው። አውሮፕላኑ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ በመሬት ላይ ይጓዛል፤ ሲወጣም ሲወርድም ከሙሉ ፍጥነቱ በታች ይበራል፤ ለማረፍም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ዞሮ ከማኮብኮቢያው ጋር መስተካከል አለበት። ይህ ወጪ ለ100ም ሆነ ለ300 ኪሎ ሜትር ያው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚሁ ስሌት 33 ደቂቃ ሲደመር 20፣ 53 ደቂቃ ይሆናል። ርቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጎ ጊዜው እጥፍ እንኳ አልሞላም።

«ታዲያ ፈጣን ጄት ይመደብ» የሚል አይጠፋም። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት 100 ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ተኩል ቢጨርስ፣ ትርፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። እሱም በወረቀት ላይ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ጄቱ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ መውረድ ይጀምራል። ባለ ፕሮፔለሩ ግን ለአጭር በረራ የሚፈጀው ነዳጅ ያነሰ ነው።

«ያም ሆኖ ከመኪና ይፈጥናል» ለሚልም መልሱ ከፊል እውነት ነው የሚል ነው። መኪናው ጣናን በምሥራቅ ዞሮ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሦስት ሰዓት ነው። የአየር ተጓዡ ግን ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማረፊያው ከደረሰ፣ ወደዚያ መሄጃውና የጎንደሩ ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ወደ ከተማው መግቢያው ሲታከልበት ብልጫው ይሟሟል።

ስለዚህ በአጭር በረራ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የመነሻዎቹን ቁጥር መቁጠር ይበጃል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በቀጥታ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርን ረግጦ መሄድ የሚጨምረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰዓት ሲለካ ግን ያቺ 15 ኪሎ ሜትር፣ መሬት ላይ የሚቆመው ሳይቆጠር፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ታስከፍላለች።