በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ነጎድጓዳማ ዝናብን አደገኛ የሚያደርጉ የአየር ሁኔታዎች

ደብረ ታቦር፦ በደቡብ ጎንደር ዞን ደጋማ ወረዳዎች የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚጀምር ሲሆን፣ አንዳንድ ቀን መብረቅ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ አስከትሎ በሰው ሕይወት፣ በእንስሳትና በሰብል ላይ ጉዳት ያደርሳል። ይህን ዝናብ ከተራው የሚለዩት በአንድ ጊዜ የሚገጣጠሙ አራት ሁኔታዎች ናቸው።

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት ይዞ ወደ አካባቢው ይገባል። ጣና ሐይቅም የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

ሁለተኛው በታችኛውና በላይኛው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። የረፋዱ ፀሐይ ምድርን ሲያሞቅ ከላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሞቃቱና እርጥቡ አየር በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው የመሬት አቀማመጥ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ ደብረ ታቦር 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ፣ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ወደ ተራራው የሚነፍሰው አየር ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል።

አራተኛውና ደመናውን ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው የነፋስ ልዩነት ነው። ከታች ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ግን ፈጣን ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይገሰግሳል። ነፋሱ በየከፍታው ተመሳሳይ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ወደ ላይ በሚወጣው አየር ላይ ወርዶ ደመናውን ባጭር ጊዜ ያከስመው ነበር። ልዩነት ሲኖር ግን ዝናቡ ወደ ጎን ስለሚወርድ የሚወጣው አየር አይቋረጥም።

ከዝናቡ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በምድር ላይ ተንሰራፍቶ ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ያነሳል። በዚህም አዳዲስ ደመናዎች ጎን ለጎን እየተፈጠሩ ረድፍ ይሠራሉ። ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የዚሁ ምልክት ነው።

በረዶ በደጋው የሚበዛበት ምክንያትም ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ የሚረጋበት የአየር ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 5 ሺህ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በረዶው የገብስና የድንች ማሳ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚሟሟበት ጊዜ አጭር ነው።

ጉዳቱ በደጋው ብቻ አይወሰንም። ከጉና አካባቢ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ማጥለቅለቃቸው ይታወሳል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚፈጠር ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚጓዙ የአየር ሞገዶችን ለማስነሳት አስተዋጽኦ እንደሚያደርግም የዘርፉ ጥናቶች ያመለክታሉ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአየር ትንበያ ቢያወጣም፣ መብረቅ የሚወድቅበትን ሥፍራ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በመሆኑም የእርሻና የጥበቃ ሥራን በተቻለ መጠን ከቀትር በፊት ማከናወን ይመረጣል። ብልጭታው ከታየ በኋላ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓድ ከተሰማ፣ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ ተሽከርካሪ መግባት፣ ከዛፍ ሥርና ከኮረብታ ጫፍ መራቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። በመብረቅ የተመታ ሰው በአካሉ ላይ ኤሌክትሪክ ስለማይቀር፣ ሳይፈሩ ፈጥኖ መርዳት ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።