ሰማይ ላይ የታሰረችው «የኢትዮጵያ ልዕልት»

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አኩርፋ መጣችና ቦርሳዋን ወርውራ «አባዬ፣ አንድሮሜዳ ኢትዮጵያዊት ናት ወይስ አይደለችም?» አለችኝ። እኔ የጎረቤት ልጅ መስላኝ «የማን ልጅ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። ለካስ አስተማሪዋ የግሪኮችን ተረት ሲያስተምሩ ከአለት ጋር የታሰረች፣ ፀጉሯ እንደ ወርቅ የሚያበራ ነጭ ልጅ የተሣለችበትን ሥዕል አሳይተዋቸው ኖሯል። ልጄ ደግሞ መጽሐፉ ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ» የሚለውን አንብባ ነበርና እጇን አውጥታ «ታዲያ ለምን እኔን አትመስልም?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። አስተማሪዋም «ተረት ነው» ብለው አለፉት።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የሥነ ፈለክ ሰው አይደለሁም። እዚህ ዋሽንግተን አሥራ ሰባት ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ልጅ ተስቆባት ስትመጣ አባት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሥራ በፊት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ያነበብኩትን እነሆ ለእናንተም አካፍላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በተረቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፌዎስ ካሲዮፔያ የምትባል ንግሥት ነበረችው። ንግሥቲቱ በመልክ ከባሕር አማልክት ልጆች እንበልጣለን ብላ ተመጻደቀች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ላከ። አገሩ እንዲድን ልጃቸው አንድሮሜዳ ከባሕር ዳር አለት ጋር ትታሰር ተባለ። ፐርሲየስ የሚባል ጀግና ደርሶ አውሬውን ገደለና አገባት። እናት በአፏ አጠፋች፣ ልጅ በሰንሰለት ከፈለች፤ የዘመናችንን ፖለቲካ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር የለውም። ቤተሰቡ በሙሉ ዛሬ በሰሜኑ ሰማይ የኮከብ ስም ሆኖ ይኖራል።

ለልጄ ጥያቄ ግን መዋሸት አልፈለግሁም። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን፣ ፊቱ የጠቆረውን ሕዝብ አገር በጅምላ ማለታቸው ነበር። የዛሬዋ አገራችን ልክ እርሷ ናት ብሎ መማል አይቻልም። እንዲያውም የታሰረችበት አለት በፍልስጥኤም ጠረፍ፣ በኢዮጴ ነው ያሉ ጥንታውያን ጸሐፊዎች አሉ። ነገር ግን የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ መልኳ ጠቆር ያለ መሆኑን ጽፏል። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት እነ ቲሺያንና እነ ሩበንስ ግን ነጭ አድርገው ሣሏት። ስለዚህ ልጄን «ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ የሳቁት ናቸው ያላነበቡት» አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድሮሜዳ በሚባሉት ከዋክብት አቅጣጫ ያለ መሣሪያ የምትታይ አንዲት የጉም ቁራጭ የምትመስል ነገር አለች። የፋርሱ ሊቅ አል ሱፊ በ964 «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቧታል። ደመናዋ በእርግጥ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጉ ፀሐዮች የተሰበሰቡባት ጋላክሲ ናት። ቅርጿን ለማወቅ እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው አይቸገርም። ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሀል እንደሚገባ፣ ከዋክብቱም በረጃጅም ክንዶች ተጠማዝዘው ይዞራሉ። ምጣዱ ግን ወደ እኛ ጎኑን አዘንብሎ ስለ ቆመ ሞላላ ሆኖ ነው የሚታየን። መሀሏ ቢጫ ነው፤ ያረጁ ከዋክብት ሰፈር። ክንዶቿ ሰማያዊ ናቸው፤ ወጣቶቹ የሚወለዱት እዚያ በአቧራና በጋዝ መካከል ነው። በእምብርቷ ከፀሐያችን ወደ 100 ሚሊዮን እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎችም እንደ ጥጃ ከጎኗ አይለዩም።

ርቀቷ 2 ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ነው። አንድ የብርሃን ዓመት ወደ 9 ነጥብ 5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ይህን ርቀት ማወቅ ግን ትልቅ ጠብ ነበረው፤ ጠቡም የተካሄደው እኔ በየቀኑ ቱሪስት በማወርድበት ደጃፍ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1920 ዛሬ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሆነው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሻፕሊና ከርቲስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ተፋጠጡ። ሻፕሊ «ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የራሳችን ጋላክሲ ብቻውን ዓለም ነው፤ እነዚህ ጠምዛዛ ደመናዎች የእርሱ ቅጥያዎች ናቸው» አለ። ከርቲስ ደግሞ «እያንዳንዳቸው እንደኛው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው» አለ። በዚያች ቀን አሸናፊ አልተገኘም።

ዳኛው የመጣው በጥቅምት 1923 ነው። ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ፣ በዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ በአንድሮሜዳ ውስጥ በ31 ቀን ከግማሽ አንድ ጊዜ የምትደምቅና የምትደበዝዝ ኮከብ አገኘ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት ድምቀታቸው ከዑደታቸው ርዝመት ጋር እንደሚያያዝ አስቀድማ ያገኘችው በሃርቫርድ በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት ፎቶግራፍ ስትለቅም የኖረችው ሄንሪየታ ሌቪት ናት። ሁለት መብራት ዋታቸው እኩል መሆኑን ካወቃችሁ፣ የደበዘዘው ምን ያህል እንደራቀ ማስላት ትችላላችሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሀብል ሲያሰላ ወደ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት መጣለት። ከእውነተኛው ያንሳል፤ ቢሆንም ሻፕሊ ከገመተው ዓለም በብዙ ርቆ ውጭ ነው። ውጤቱ በጥር 1 ቀን 1925 እዚሁ ዋሽንግተን በጉባኤ ላይ ተነበበ። ሌቪት ግን በ1921 ዓርፋ ነበርና አልሰማችም።

እኔን የደነቀኝ ሌላ ነው። እነዚያ ከዋክብት «ሴፌይድ» ይባላሉ። ስሙ የመጣው በንጉሥ ሴፌዎስ ከዋክብት መካከል ካለችው፣ ጆን ጉድሪክ የተባለ ደንቆሮ ወጣት በ1784 ካገኛት ኮከብ ነው። እንግዲህ የልጅቱን ርቀት የለካው በአባቷ ስም የተሰየመ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብላ «አባትየው ፈለጋት ማለት ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዋሽንግተን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ አለች። የዚሁ ከተማ ልጅ ሆና ያደገችው ቬራ ሩቢን ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋር በ1970 የአንድሮሜዳን ከዋክብት ፍጥነት ለካች። ዳር ያሉት ከመሀሉ ይልቅ ቀስ ብለው መዞር ሲገባቸው እኩል ይሮጣሉ። የማይታይ ክብደት ካልያዛቸው በቀር በተበተኑ ነበር። ያ የማይታይ ነገር እስከ ዛሬ ምን እንደሆነ የያዘው የለም፤ «ጨለማ ቁስ» ይሉታል።

ጋላክሲዋ ወደ እኛ እየመጣች መሆኗንም ልጨምር። በ2012 ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ትጋጫለች ተብሎ ታውጆ ነበር፤ በ2025 የወጣ ጥናት ግን በሚመጡት 10 ቢሊዮን ዓመታት የመጋጨቷ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው አለ። ቤት ለመሸጥ የምትቸኩሉ ታገሡ።

ከዋሽንግተን መብራት ሥር እርሷን ማየት ዘበት ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ሥራዬን አሳልፌ፣ የጓደኛዬን ባይናኩላር ተውሼ፣ ልጄን ይዤ ቨርጂኒያ ወደ ሼናንዶዋ ተራራ ወጣሁ። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ካሲዮፔያን እንደ ተሰበረ ወንበር ተጣምማ አገኘናት፤ ሹሉ ጎኗ ወደሚያመለክትበት ስንወርድ ደመናዋ ተገኘች።

ልጄ አየችና «ይቺ ብቻ ናት?» አለች። በባይናኩላሩም ከትንፋሽ የተሠራች መሰለቻት። እኔም ይህ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር በአፋር፣ በጎና የነበሩት ፍጥረቶች ድንጋይ እየፈለጡ ስለት ያወጡ በነበረበት ዘመን አካባቢ እንደ ነበረ ነገርኳት። በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች መካከል ያሉት፣ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው፣ እነ ስለሺ ሰማው ያገኟቸው እዚያ ነው። «ይኼኛው የኛ ኢትዮጵያ ነው አይደል? ተረት አይደለም?» አለች። አይደለም አልኳት። ከዚያ በኋላ ባይናኩላሩን አልመለሰችልኝም።

በማግሥቱ ጎንደር ላሉት አያቷ ስልክ ደወለች። ኮከቢቱ በጥቅምትና በኅዳር ማታ ከዚያም በስተ ሰሜን ከፍ ብላ ትታያለችና በተሰባበረው አማርኛዋ አቅጣጫውን ሁሉ አስረዳቻቸው። እናቴ አዳምጠው ሲያበቁ «የኔ እመቤት፣ በዚያ ሰዓት እኮ ጅብ አለ፤ ደጅ አልወጣም» አሏት። እኅቴ ግን ከጀርባ ሆና እኔ አያታለሁ ብላለች። እስካሁን አልደወለችም፤ ልጄ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።