ያውቁ ኖሯል? በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ የተሰማው ካሴት

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲቢ-303 የተባለችውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሠራት ጊታር ተጫዋቾችን በቤዝ እንድታጅብ ነበር። ገበያው አልቀናትምና በ1984 እ.ኤ.አ. ምርቷ ቆመ። ፊውቸር የተባለው የቺካጎ ቡድን ወጣቶች ግን ያገለገለች አንዷን ገዝተው፣ ማዞሪያዎቿን እያሽከረከሩ፣ ያልተለመደ ጩኸት አወጡባት። የቀዱትን ካሴት «ሚዩዚክ ቦክስ» በተባለው ጭፈራ ቤት ለሚያጫውተው ዲጄ ሮን ሃርዲ ሰጡት። መጀመሪያ ሲያሰማው ጨፋሪው መድረኩን ጥሎ ወጣ። ሃርዲ ግን ጆሮውን አመነ (ትልቅ ዲጄ የሚለየውም በዚህ ነው!) እና እዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ደገመው። በአራተኛው ቤቱ በጭፈራ ቀለጠ። ሙዚቃው «አሲድ ትራክስ» ተብሎ በሸክላ የታተመው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የቺካጎ ወጣቶች ግን ቀደም ብለው በካሴት ይቀባበሉት ነበር።