የይለፍ ቃል የበዛበት ቤት

ንባብዎን ከመቀጠልዎ በፊት እስኪ አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ የሚስጥር ቁጥር አስገቡ? ስልክዎን ሲከፍቱ፣ በቴሌብር ሲከፍሉ፣ ከኤቲኤም ገንዘብ ሲያወጡ፣ የመሥሪያ ቤትዎን ኮምፒውተር ሲያበሩ፣ ኢሜይልዎን ሲያዩ። ቀድሞ አንድ ቤተሰብ የበሩንና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከያዘ ይበቃው ነበር። ዛሬ ግን ቁልፉ ሁሉ በጭንቅላታችን ውስጥ ነው፤ ጭንቅላታችን ደግሞ ይረሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ነገ በድንገት ቢታመሙና መናገር ቢያቅትዎ፣ የትዳር ጓደኛዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንድ ቤት እናስብ። አባወራው ሌሊት ታመው ሆስፒታል ገቡ። የቤት ኪራዩም የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚከፈለው በእርሳቸው ስልክ ነው። ባለቤታቸው ስልኩን በእጃቸው ይዘዋል፤ ግን አይከፈትላቸውም። የልጆቹን የልደት ዓመት ሞከሩ፣ የሠርጋቸውን ቀን ሞከሩ፤ በመጨረሻ ስልኩ ጨርሶ ተቆለፈ። ገንዘቡ እያለ ለመድኃኒት ከጎረቤት መበደር ግድ ሆነባቸው። በዚህ ቤት ፍቅር አልጎደለም፤ መተማመንም አልጠፋም። የጎደለው አስቀድሞ መነጋገር ብቻ ነው።

አራቱ ቁጥሮች ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ባርክሌይስ ባንክ በለንደን ኤንፊልድ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ሥራ አስጀመረ። ከማሽኑ ጀርባ የነበሩት ጆን ሼፐርድ ባሮን ኋላ ላይ እንደተረኩት፣ በመጀመሪያ ያሰቡት ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ነበር። ቤታቸው በምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ባለቤታቸውን ካሮላይንን ሲጠይቋቸው ግን፣ እርሳቸው ማስታወስ የሚችሉት አራት አሃዝ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። በዚህ የተነሣ ቁጥሩ አራት ሆነ።

እንግዲህ ያን ጊዜ መለኪያው የሰው የማስታወስ አቅም ነበር። ኋላ ግን ሸክሙ ከልክ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል እንዲሠራ ያደረጉት ፈርናንዶ ኮርባቶ፣ በ2014 ነገሩ ወደ ቅዠት እንደተለወጠ ተናግረዋል። የራሳቸውን የይለፍ ቃሎችም በወረቀት ጽፈው ይይዙ ነበር። ስለዚህ እርስዎም ቢረሱ አይፈሩ።

ሁለት የተለመዱ ስህተቶች

አንደኛው፣ ለሁሉም ነገር አንድ የይለፍ ቃል መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ስርቆት በወቅቱ የነበሩት ሦስት ቢሊዮን አድራሻዎች በሙሉ መነካታቸውን ድርጅቱ በ2017 አሳውቋል። ሌቦች ከአንድ ቦታ ያገኙትን ቃል በሌላው ላይ ይሞክሩታል። የቤትዎ፣ የሱቅዎና የሣጥንዎ ቁልፍ አንድ ቢሆን፣ ያ ቁልፍ የጠፋ ዕለት ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መምረጥ ነው። የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ ለዘመድ ቀርቶ ለጎረቤትም የተገለጡ ናቸው።

በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለው የቆየ ምክርስ? የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን እንደማይመክር ገልጿል። ሰዎች ሲገደዱ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምራሉና። መቀየር የሚያስፈልገው ሌላ ሰው እንዳወቀው ሲጠረጥሩ ነው።

ምን እናድርግ?

1. በቃልዎ የሚይዙት ጥቂት ይሁን፤ የስልክዎን፣ የባንክዎንና የኢሜይልዎን ብቻ። ኢሜይል ከሁሉ ይጠበቅ፤ ሌላው የይለፍ ቃል ቢረሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታደሰው በእርሱ በኩል ነውና።

2. ረጅም ያድርጉት። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ቃላትን ገጣጥመው ቢይዙ፣ ከአጭርና ከተወሳሰበ ቃል ይልቅ ለእርስዎ ይቀላል፤ ለሌባ ግን ይከብዳል።

3. የቀረውን ይጻፉት። በደብተር ጽፎ በቤት ውስጥ በተቆለፈ ቦታ ማስቀመጥ አንድን ቃል በሁሉ ቦታ ከመደጋገም ይሻላል። የሚስጥር ቁጥርን ግን ከኤቲኤም ካርድ ጋር በቦርሳ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። ስልክ ለለመዱ ሰዎች የይለፍ ቃል የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞችም አሉ።

4. ኢሜይልዎ የተመዘገበበትን ስልክ ቁጥር ይመልከቱ። ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ኢሜይሏ እዚያ በቀረ ቁጥር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው ከውጭ ሆነው ኢሜይል የከፈቱላቸው ወላጆችም እንዲሁ። ቁጥሩን ዛሬውኑ ያስተካክሉ።

5. ከባንክ ነው የምደውለው፣ በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ ለሚል ሰው አይንገሩ። ስልኩን ዘግተው ራስዎ ወደ ባንኩ ይደውሉ።

ባልና ሚስት ሲነጋገሩ

በዚህ ጉዳይ ብዙ ቤቶች ይጋጫሉ። "የምትደብቀው ከሌለ ስልክህን ክፈትና አሳየኝ" የሚል ጥያቄ የይለፍ ቃል ጥያቄ አይደለም፤ የቆሰለ ልብ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን በመስጠት ብቻ አይድንም፤ በግልጽ መነጋገርን ይሻል። በሌላ በኩል "የግሌ ነው" ብሎ የቤቱን ወጪ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ማንጠልጠልም ቤተሰብን ለአደጋ ያጋልጣል።

ባንኮች የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ ይላሉ፤ ምክሩም ትክክል ነው። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ቁጥሩን ሳይሆን መንገዱን ማሳወቅ ነው። በየትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለ፣ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ፣ ዕዳና ኪራይ መቼ እንደሚከፈል ሁለታችሁም እወቁ። ለችግር ጊዜ የሚሆን ገንዘብ በጋራ ሒሳብ አስቀምጡ፤ አንዳችሁ ብቻችሁን ፈርማችሁ ማውጣት ትችሉ እንደሆነም ባንካችሁን ጠይቁ። ጎግል ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀመበት መረጃው ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስችላል። አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ባለቤቱ ሲሞት መረጃውን የሚረከብ ሰው ለመሰየም የሚያስችል አገልግሎት አለው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህን ለነገ አታሳድሩት። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። አንዳችሁ ጠይቁ፤ ሌላችሁ ጻፉ። በዚያች በመጀመሪያዋ ገጽ ላይም፣ አንዳችን ብንታመም ቀድሞ የሚደረገው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን በጋራ አስፍሩ።